ድምፅ አልባ የካውቦይ ፊልም ምኑ ይስባል?

«ድምፅ የሌለው፣ ሰው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ የሚሮጥበት የመቶ ዓመት የካውቦይ ፊልም ምኑ ያስደስታችኋል?» ብለው ለጠየቁን ወንድማችን ያየሁትን ልንገርዎት።

እኔም መጀመሪያ የገጠመኝ የሚንቀጠቀጥ ቅጂ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላኝ ዘጋሁት። ጥፋቱ ግን የቅጂው ነበር። ያኔ ካሜራው በእጅ እየተዘወረ ስለሚቀረጽ በሰከንድ የሚያነሳው ምስል ብዙ ጊዜ ከዛሬው 24 ያንሳል፤ በ24 ሲያሳዩት ሰዉ ይፈጥናል። (ግልቢያን ለማፋጠን ሆን ብለው ቀስ አድርገው የሚዘውሩም ነበሩ።) ፍጥነቱ የተስተካከለ ቅጂ ሲያገኙ ፈረሱ ክብደት ይኖረዋል፣ አቧራውም ቀስ ብሎ ይወርዳል።

እኔን የያዘኝ በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣው የተዋናዩ የዊልያም ሃርት ፊልም «ተምብልዊድስ» ነው። በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ በ1893 መሬት ለመያዝ ሕዝቡ በፈረስና በሠረገላ የተሽቀዳደመበትን ቀን ያሳያል። አብረውኝ ያዩት አባቴ ነበሩ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ከፈረስ ጋር ግን ያደጉ ሰው ናቸው። በንግግር ፈንታ በትዕይንቶቹ መካከል የሚወጣውን ጽሑፍ ተርጉምልኝ አላሉም። ሃርት ብቻውን ሜዳውን እየሰነጠቀ ሲጋልብ ወደ ፊት ጠጋ ብለው «ይህ ሰውዬ ልጓሙን አይጎትትም፣ ፈረሱን ያምነዋል» አሉ። ሃርት ያኔ 60 ዓመት ሞልቶት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ፊትን ትቼ እጅና ኮርቻ ማየት ጀመርኩ።

የዚያ ዘመን የፊልም ተዋናይት ሔለን ጊብሰንንም ይመልከቱ። በ1915 ከባቡር ጣቢያ ጣሪያ ላይ ተነሥታ በሚሄድ ባቡር ላይ ዘለለች። አስቀድማ ባቡሩ ቆሞ ሳለ ተለማምዳ ነበር፤ በቀረጻው ጊዜ ግን የባቡሩ እንቅስቃሴ እስከ ጠርዙ አንከባለላት፣ የአየር ማስወጫውን ይዛ ተረፈች። ለዚህ የሚሆን የኮምፒውተር ምስል አልነበረም፤ የነበረው አካሏ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያመኛል። ፈረሶቹን በግልቢያ መካከል ለመጣል እግራቸው ላይ ሽቦ ይታሰር ነበር፤ እግራቸው የተሰበረ፣ የሞቱም አሉ። ፈረስ በግንባሩ ሲደፋ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ።

የሌላውን ዝነኛ የካውቦይ ተዋናይ፣ የቶም ሚክስን ፊልሞች ለማየት ከፈለጉ ትዕግሥት ይኑርዎት፤ ብዙዎቹ ፊልሞቹ በ1937 በኒው ጀርሲ የፊልም ኩባንያው የፎክስ መጋዘን ሲቃጠል ጠፍተዋል። በ«ተምብልዊድስ» ይጀምሩ። በ1939 ዳግም ሲወጣ የተጨመረለትን መግቢያም አይዝለሉት፤ ሃርት ተመልካቹን በገዛ ድምፁ የሚሰናበተው እዚያ ላይ ነው።