ጥያቄና መልስ፦ የአሮጌ መኪና ማሞቂያ ሲያስቸግር

ክረምት ሲገባ የፊት መስታወት ጉም ስለሚይዝ፣ በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ማሞቂያው ማራገቢያ የሚጠይቁ ናቸው።

አሮጌ ኮሮላ የሚነዱ አንባቢ ማራገቢያቸው በአንድ፣ በሁለትና በሦስት ቁጥር ጨርሶ እንደማይነሣ፣ አራት ላይ ግን በሙሉ ኃይሉ እንደሚነፍስ ገልጸው፣ የማራገቢያውን ሞተር ልቀይረው ወይ ይላሉ።

አይቀይሩት። በዝቅተኛዎቹ ፍጥነቶች ኤሌክትሪኩ ኃይሉን በሚቀንሰው፣ ሬዚስተር በሚባለው ዕቃ ውስጥ ያልፋል፤ አራተኛው ላይ ግን ሬዚስተሩን ትቶ በቀጥታ ስለሚሄድ፣ የተቃጠለው ሬዚስተሩ ነው ማለት ይቻላል። የሚገኘውም ንፋሱ እንዲያቀዘቅዘው ሲባል በአየር ማስተላለፊያው ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ በስተኋላ ነው። የሶኬቱ ቅርጽ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ፣ መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ፈትተው ይያዙ።

«ሲነፍስ ወረቀት የሚቀደድ ይመስላል» ላሉት፦ ቅጠል ገብቶበታል፤ የማራገቢያውን ሞተር አውርደው ቅጠሉን ያውጡት።

ሦስተኛው ደብዳቤ አሳስቦኛል። የማራገቢያው ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል አንድ መካኒክ በምትኩ ባለ 30 ከተተላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ፊውዙ አልተቃጠለም፣ ነገር ግን ከክሩስኮቱ (ጌጆቹ ካሉበት የፊት ሰሌዳ) ሥር የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። ይህ ያሰጋል ወይ ነው ጥያቄው።

እጅግ ያሰጋል፤ ያንን ፊውዝ ዛሬውኑ ነቅለው ያውጡት። ፊውዝ የተቀመጠው ሽቦው እንዳይነድ ነው፤ መጠኑም የሚወሰነው ሽቦው ሊሸከም በሚችለው ልክ ስለሆነ፣ ፊውዙን ማሳደግ ሽቦውን ያለ ጠባቂ መተው ነው። የመጀመሪያው ፊውዝ ይቃጠል የነበረው ወይ የሞተሩ ኩሽኔታ ደርቆ ለመዞር ብዙ አምፔር ስለሚስብ፣ ወይ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ከቦዲ ጋር ስለሚገናኝ ሊሆን ይችላል። ሽታው ደግሞ ሌላም ነገር ይጠቁማል። የላላ ወይም የዛገ ሶኬት አምፔሩን ስለማይጨምር ትክክለኛው ፊውዝ እንኳ አይደርስበትም፤ 0.1 ኦም ብቻ በሚከለክል መገናኛ 15 አምፔር ሲያልፍ ከ22 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል፣ ይህም በአንዲት ፒን ላይ የትንሽ መበየጃ ያህል ግለት ነው። ባለፈው ክረምት እንዲህ ካለ መኪና ሶኬቱን ስነቅል ነጩ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ፣ በአንዷ ፒን ዙሪያ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት፤ የሽቦው ልባስ በጣቴ ስነካው ይፈረካከስ ነበር። ፊውዙ ግን ደህና ነበር።

ስለዚህ ፊውዙን ከመንቀል ያለፈውን የጥገና ሥራ በራስዎ እንዳይሞክሩት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት፤ እርሱም ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ሞተሩ የሚስበውን አምፔር ለክቶ እንዲነግርዎ፣ የቀለጠውንም ሶኬት በቴፕ ከመጠቅለል ይልቅ ቆርጦ በአዲስ እንዲተካ ይጠይቁት። ፊውዙም ወደ 20 ይመለስ።

ማራገቢያቸው ከሥር መታ ሲያደርጉት ብቻ የሚነሣላቸው አንባቢም አሉ። ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሰው የሞተሩ ካርቦን ሳያልቅ አይቀርም። ለማረጋገጥ ማብሪያውን የመጨረሻው ፍጥነት ላይ አድርገው በሞተሩ ሁለት ሽቦዎች መካከል በቴስተር ይለኩ፤ ወደ 12 ቮልት እያሳየ ካልዞረ ሞተሩ ነው፣ በጣም ካነሰ ግን ማሳውን (ከቦዲ ጋር የሚታሰረውን ሽቦ)፣ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ) እና ማብሪያውን ይመርምሩ። ካልሆነልዎ ባለሙያ ያሳዩት።

በመጨረሻም ንፋሱ በደንብ እየመጣ ቀዝቃዛ የሆነባቸው አንባቢ ችግራቸው የኤሌክትሪክ አይደለም። የራዲያተሩ ውኃ ጎድሎ ወይም የውኃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተበላሽቶ ይሆናል፤ የራዲያተሩን ክዳን የሚከፍቱት የመኪናው ሞተር ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ይሁን።