ማታ ተዘጋጅቶ ጠዋት የሚጋገር ፍሬንች ቶስት

«ለ8 እንግዶች ማታ አዘጋጅቼ ባሳድረው ጠዋት መሃሉ አይላቁጥብኝም?» ላሉት፦ ወሳኙ ዳቦው ነው። ትኩስ ዳቦ የራሱን እርጥበት ይዞ ወተት ሲጨመርበት ይፈርሳል። 500 ግራም ያደረ ዳቦ በ2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ይቁረጡ። ያደረ ከሌለ በ150 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያድርቁት፤ ላዩ ይድረቅ እንጂ አይቅላ።

8 እንቁላል ከ3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ከቀረፋና ከትንሽ ጨው ጋር በደንብ ይምቱ፤ ከዚያ 600 ሚሊ ሊትር ወተትና ቫኒላ ይጨምሩ። ቀረፋውን ከስኳሩ ጋር ቀድመው ካላዋሃዱት ወተቱ ላይ ይንሳፈፋል። በደንብ ያልተመታ የእንቁላል ነጭ ደግሞ ዳቦው ላይ ነጫጭ ሆኖ ይረጋል፣ ያስጠላል።

ቅቤ በተቀባ 23 በ33 ሳንቲሜትር መጋገሪያ ላይ ደርድረው ያፍስሱበት፣ በእጅ ጫን ጫን ያድርጉት፣ ሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩ። ጠዋት ከመጋገሩ 30 ደቂቃ በፊት ያውጡት፤ በተለይ የመስታወት መጋገሪያ ከፍሪጅ ቀጥታ ወደ ጋለ ኦቭን ከገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። በ180 ዲግሪ 25 ደቂቃ በፎይል ተሸፍኖ፣ ከዚያ ተገልጦ ሌላ 20 ደቂቃ ይጋገር። መሃሉ ላይ ቢላ ሰክተው ፈሳሽ ይዞ ከወጣ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። ለውዝ ካማረዎት ፎይሉን ሲያነሱ ይበትኑት፤ ማታ ከተጨመረ ይለሰልሳል። ሳይቆረጥ 10 ደቂቃ ይረፍ።