ጣሊያንኛ ለጀመራችሁ ልጆች

ብዙ ዓመት በትርጉም ሥራ ኖሬያለሁና አንድ አደራ ልስጣችሁ። ከስም በፊት የሚገቡትን የጣሊያንኛ አርቲክሎች፣ እነ «ኢል»ን፣ «ሎ»ንና «ላ»ን፣ በእንግሊዝኛው «ዘ» አትለኳቸው።

አብዛኞቻችሁ ጣሊያንኛን የምትጀምሩት እንግሊዝኛ ከተማራችሁ በኋላ ነው። «ቡና እወዳለሁ» ስትሉ እንግሊዝኛው «ዘ» አይጠይቃችሁም፤ አማርኛችንም «ቡናውን» አይልም። ጣሊያኑ ግን «ሚ ፒያቼ ኢል ካፌ» ይላል። ስለ ነገሩ በጥቅሉ ሲያወራም አርቲክሉን አይተውም፤ ፍቅር «ላሞሬ» ነው («ል» አርቲክሉ፣ «አሞሬ» ስሙ)። አገርም «ሊታሊያ»፣ «ሌትዮፒያ» ይባላል፤ ሮማና ሚላኖ ግን ያለ አርቲክል ይጠራሉ።

የባለቤትነቱ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ «የእኔ» ካላችሁ «ዘ» አይገባም። በጣሊያንኛ ቤቴ «ላ ሚያ ካዛ» ነው፤ አርቲክሉም «የእኔ» የሚለው ቃልም አብረው ይቆማሉ። እናቴ ግን «ሚያ ማድሬ» ብቻ ናት፤ ወንድሜም «ሚዮ ፍራቴሎ»። ወንድሞቼ ሲሆኑ አርቲክሉ ይመለሳል፦ «ኢ ሚዬይ ፍራቴሊ»። ይህን ሕግ እወደዋለሁ፤ የቅርብ ዘመድ አንድ ሲሆን ብቻ የሚሰጥ ልዩ ቦታ ነውና። ለአካል ደግሞ «የእኔ» ማለት አያስፈልግም። እኛ «እጄን እታጠባለሁ» የምንለውን እነሱ «ሚ ላቮ ሌ ማኒ» ይሉታል። አረጋውያን ለመንከባከብ ጣሊያን የምትሄዱ ይህን ቶሎ ልመዱ፤ እግሬን አመመኝ የሚሏችሁ «ሚ ፋ ማሌ ላ ጋምባ» ብለው ነው። ስለ እመቤቲቱ ለሌላ ሰው ስታወሩ «ላ ሲኞራ ቢያንኪ» በሉ፤ ራሳቸውን ስትጠሩ ግን አርቲክሉን ጥላችሁ «ብዎንጆርኖ፣ ሲኞራ» ነው።

«ሎ» በድምፅ ነው የሚመረጠው። ስኳር «ሎ ዙኬሮ»፣ ተማሪ «ሎ ስቱዴንቴ» ነው። ጎበዝ የሚለው ቅጽል መሐል ሲገባ ግን «ኢል ብራቮ ስቱዴንቴ» ይሆናል፤ አርቲክሉ የሚከተለው ቀጥሎት ያለውን ድምፅ ነውና። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ «ዙኬሮ» ብቻ አትጻፉ፤ «ሎ ዙኬሮ» ብላችሁ ጻፉ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁም አንብቡት።

ሥራ ለምትጀምሩ ደግሞ የቀኖቹን ስም አደራ። አሠሪያችሁ «ሉኔዲ» ካለ የሚመጣውን ሰኞ ማለቱ ነው። «ኢል ሉኔዲ» ካለ ግን በየሳምንቱ ሰኞ ይጠብቃችኋል።