ጉድጓዱ አልሞላም ብለህ አትኩራ

የአንባቢ ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ምሳ ሰዓት ላይ የሚነበቡ አይደሉም። ሁሉም ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ቱቦና ስለ ፍሳሽ ናቸው። የድሮ ሥራዬን ስለምታውቁ ነው የምትልኩልኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የአንድ ከተማ የፍሳሽ መስመርና የማጣሪያ ኩሬዎች ላይ ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ዓመታት በኃላፊነት። ጡረታ ስወጣ ወደ ተወለድኩባት ድሬ ተመለስኩ። አሁን ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ደብዳቤያችሁን አነባለሁ። ከአንዷ በቀር ሁላችሁም "አንተ" ብላችሁ ነው የጻፋችሁልኝ። የድሬ ነገር! ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤታችን ሳቢያን ነው። አባቴ ያስቆፈረው የሽንት ቤት ጉድጓድ 22 ዓመት ሆኖታል። አንድም ቀን አልተመጠጠም። የሻወሩም የልብስ እጥበቱም ውሃ የሚገባው እዚያው ነው። ጎረቤታችን ግን አዲስ ቤት ሠርቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቴ መምጠጫ መኪና ጠራ። አባቴ "የኔ ግንበኛ ጎበዝ ነበር" እያለ ይፎክርበታል። እውነት ነው?

መልስ፦ አባትህን ሰላም በልልኝ። መልሱን ግን ቀስ ብለህ ንገረው፤ ቡና ከጠጣ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ጉድጓዱ ያልሞላው ስለሚያፈስ ነው።

እስቲ አብረን እንደምር። ቤታችሁ ውስጥ ስድስት ሰው አለ እንበል። አንዱ በቀን 40 ሊትር ብቻ ቢያፈስ በቀን 240 ሊትር ይሆናል። በዓመት ወደ 88 ሜትር ኩብ ይጠጋል። በ22 ዓመት ከ1,900 ሜትር ኩብ ይበልጣል። አንድ መምጠጫ መኪና 10 ሜትር ኩብ ቢይዝ 190 መኪና ሙሉ ፍሳሽ ነው። 190 መኪና! መኪና ደግሞ በራችሁ ላይ ቆሞ አያውቅም። ታዲያ የት ገባ?

ወደ ታች ነዋ። የድሬ መሬት አብዛኛው ጎርፍ ከደጋው ጠርጎ ያመጣው አሸዋና ጠጠር ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ አለ፣ ስንጥቅጥቅ ያለ የኖራ ድንጋይ አለ። ውሃ የሚይዝ መሬት አይደለም። እኛ ደግሞ የምንጠጣው ከዚያው መሬት የሚወጣ ውሃ ነው። ድሬ የምትጠጣው ሐይቅ ወይም ግድብ የላትም። የደቻቱ ወንዝም እንደምታውቀው ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ከርሞ አንድ ሌሊት ነው የሚመጣው። ያለን የከርሰ ምድር ውሃ ብቻ ነው፤ ከዋነኞቹ የከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች መካከልም የሚገኙት እናንተው ሰፈር፣ ሳቢያን ነው።

ከሽንት ቤት የሚወርደው ነገር ሁሉ እኩል አይጓዝም። ትል፣ እንቁላሉ፣ ብዙው ባክቴሪያ አሸዋው ላይ ይቀራል፤ ስንጥቅ ካላገኘ ማለቴ ነው። ሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ግን መሬት ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይቀየራል። ናይትሬት አፈር አይዘውም። ከውሃው ጋር ዝም ብሎ ይወርዳል። በድሬ የውሃ ጉድጓዶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ናይትሬት ከፍ ብሎ ሲያገኙ አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን በጣም የሚጎዳው ከስድስት ወር በታች ያለ፣ በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ነው። ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል።

አንድ ነገር ላክልበት፤ ሰው ሁሉ ይሳሳትበታል። ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። ናይትሬት አይደለም። ናይትሬት አይታይም፣ አይሸትም። ማፍላትም አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው ስለሚተን የቀረው ውስጥ ይበዛል። ግቢያችሁ ውስጥ የራሳችሁ የውሃ ጉድጓድ ካለ አስመርምሩት። ለሕፃን የሚሆነውን ውሃ ግን ምርመራ ሳትጠብቁ ከሌላ ቦታ አድርጉት።

ጎረቤታችሁስ? እሱም ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። ታንኩ ጨርሶ ዝግ ቢሆን በሁለት ወር ውስጥ ይሞላ ነበር። የእሱ ሰፕቲክ ታንክ ይመስለኛል። ደለሉ እዚያ ይቀራል፣ ፈሳሹ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ያልፋል። ከአባትህ በጣም የተሻለ ነው፤ ናይትሬቱ ግን ከፈሳሹ ጋር መውረዱ አልቀረም። ለዚህ ነው "ድሬ ቱቦና ማጣሪያ ያስፈልጋታል" እያልኩ ሰፈርተኛውን የማሰለቸው። ቤት ለቤት ጉድጓድ እያሳመሩ የሚፈታ ነገር አይደለም። የከዚራ ጉድጓድና የመጋላ ጉድጓድ ከታች ሲገናኙ ማንም አያያቸውም።

እስከዚያው ግን አባትህ ሁለት ክፍል ያለው፣ ወለሉም ግድግዳውም በሲሚንቶ የተለሰነ ታንክ ያሠራ። በሦስት ዓመት አንዴ ይመጠጥ። የመምጠጫ መኪና መግቢያም ይተውለት። ሶሌታውን ሴራሚክ አንጥፎበት፣ የት እንደነበረ ጠፍቶት ሳሎን ሲያስቆፍር ያየሁት ሰው አለ፤ ዘመዴ ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በውሃ ምህንድስና ተመርቄ በሌላ ከተማ የአንድ አነስተኛ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ጣቢያው ተከታታይ ኩሬዎች ነው፤ ብዙ ማሽን የለውም። ሰባት ሠራተኞች አሉ፤ ሁሉም በዕድሜ ይበልጡኛል። ከየት ልጀምር? እርስዎ ቢመክሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ "እርስዎ" ያልሽው አንቺ ነሽ እንግዲህ። ድሬ ተምረሽ ይህን ሳትተዪ መመረቅሽ ይገርማል። ጋሼ በይኝ፣ ይበቃል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቢሮ አትግቢ። ከሰባቱ አንዱ መግቢያው ላይ ፍርግርግ ብረቱን በመሰቅሰቂያ የሚያጸዳው ሰውዬ ነው። ከእሱ ጋር ዋዪ። ደመወዙ ከሁሉም ያንሳል፤ ስለ ከተማው ግን ከሁሉም በላይ ያውቃል። የቱ ሰፈር ዳይፐር እንደሚጥል፣ የጫት ገረባ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፣ ጋራዥ ዘይት የደፋ ቀን የቱ እንደሆነ ይነግርሻል። እኔ ሥራዬን የተማርኩት ከእንዲህ ዓይነት ሰው ነው። ዲግሪዬን አይቶ ሁለት ወር አላናገረኝም ነበር። አንድ ቀን ጓንት አድርጌ አብሬው ሰቀሰቅኩ፤ ከዚያ በኋላ ዝም በል ብትለውም አይልም።

ከዚያ አፍንጫሽንና ዓይንሽን አሠልጥኚ። ላቦራቶሪ አትናቂ። ግን ዋናው ምርመራ፣ ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ለመብላት ስንት ኦክስጅን እንደፈጁ የሚለካው፣ አምስት ቀን ይፈጃል። ውጤቱ እጅሽ ሲገባ ነገሩ ከሆነ አምስት ቀን አልፎታል። ኩሬው ግን ዛሬውኑ ይናገራል። የመጀመሪያው ኩሬ ጠቆር ብሎ አረፋ ሲያወጣ ደህና ነው፤ እዚያ ያሉት ኦክስጅን የማይፈልጉ ናቸው። ሁለተኛው አረንጓዴ መሆን አለበት። አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ቀን ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል። ነፋሻ ማሽን ለሌለው ጣቢያ ኤሌክትሪክ የማይጠይቅ ሠራተኛ ማለት ነው። አረንጓዴው ወደ ግራጫ ሲሄድ ተጠንቀቂ። ሮዝ ሲሆን ደግሞ ሩጪ።

እኔ ላይ ሮዝ ሆኖብኛል። የበዓል ሰሞን ነበር። አለቃዬ መጣና "እንዴት ያምራል!" ብሎ ፎቶ አነሳ። ሮዙ ድኝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ኩሬው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ኦክስጅን ሲያጣ ነው የሚበዙት። ሽታው በማግስቱ ደረሰ፤ አለቃዬ ግን አልተመለሰም። ከጥበቃው ጋር ሁለት ሌሊት ፖዜቶ፣ ማለትም የመስመሩን መፈተሻ ጉድጓድ፣ እየከፈትን ወደ ላይ ሄድን። ቀይ ውሃ ባየንበት ቅርንጫፍ እንታጠፋለን፣ ካላየን እንመለሳለን። ሦስተኛው ሌሊት ላይ አንድ ግቢ በር ደረስን። ለበዓል ያረዱትን ከብት ደም በቦቴ አጠራቅመው ሌሊት ሌሊት መስመሩ ውስጥ ይደፉታል። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ መድፋቱን አቁመዋል። ኩሬውን ለማዳን ጭነቱን ወደ ጎኑ ኩሬ አዙረን ከመጨረሻው ኩሬ አረንጓዴ ውሃ በፓምፕ እየመለስን ጨመርንበት። ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንቺም ከፋሲካና ከአረፋ በፊት ሥጋ ቤቶቹን ዞረሽ አነጋግሪ፤ ከበዓል በኋላ ከመሯሯጥ ይሻላል።

ኦክስጅን የምትለኪበትን ሰዓት አስተውዪ። አልጌው ፀሐይ ካለ ይሠራል፣ ሲመሽ ራሱ ይተነፍሳል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትለኪ ውጤቱ ያኮራሻል። ንጋት ላይ ብትለኪ ዜሮ ልታገኚ ትችያለሽ። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ናሙና የሚወስድ ሰው ጥሩ ሪፖርት ይጽፋል፤ ጣቢያውን ግን አያውቀውም።

መስመሩን ለማየት ደግሞ ብርቱካን ያዢ። አትሳቂ። በሁለት ፖዜቶዎች መካከል ያለውን ርቀት ለኪ። 30 ሜትር ነው እንበል። ላይኛው ላይ ብርቱካኑን ጣዪና ሰዓት ያዢ። ታችኛው ጋ በ50 ሰከንድ ከደረሰ ፍሳሹ በሰከንድ 0.6 ሜትር ይሄዳል፤ አሸዋ እንዳይተኛ የሚበቃ ፍጥነት ነው። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ ቱቦው ውስጥ ደለል አለ። ካልደረሰ ቦታውን አገኘሽ። ብርቱካን የምመርጠው ስለሚንሳፈፍና በጨለማም ስለሚታይ ነው። ያኔ የቶኒ እርሻ ብርቱካን ከድሬ ሲላክልኝ የተበላሸውን ለዚህ አስቀምጥ ነበር።

አሁን የምለው ቀልድ የለውም። ማንም ሰው ብቻውን ፖዜቶ ውስጥ እንዳይገባ። ማንም! ታች የሚጠራቀመው ጋዝ መጀመሪያ የገማ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብለሽ ትገቢያለሽ። ገና ሳትገቡ የላዩንም የታቹንም ክዳን ከፍታችሁ አናፍሱ። የጋዝ መለኪያ ግዢ፤ በጀት የለም ካሉሽ ሰው አታስገቢ። ገመድ ወገቡ ላይ፣ ሁለት ሰው ላይ። የወደቀውን በገመድ ጎትቱት እንጂ ለማውጣት ብሎ ማንም አይከተለው። በዚህ ሥራ አንዱን ለማውጣት ብሎ የሚሞት ሁለተኛ ሰው አይጠፋም፤ ወንድሙ ወይም ጓደኛው ነው። እኔ ጋ አንድ ልጅ ራሱን ስቶ በገመድ ወጥቷል። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ይደውልልኛል።

ጥያቄ፦ አቦ ጋሼ፣ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ሽንት ቤታችን ወደ ላይ ይተፋል። ሌላ ጊዜ ደህና ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ሦስቴ መጥቶ "ተደፍኗል" ብሎ ብር ወስዶ ሄደ።

መልስ፦ ቢደፈን በደረቁም ይተፋ ነበር። የዝናብ ውሃ የሽንት ቤቱ መስመር ውስጥ እየገባ ነው። 400 ሜትር ካሬ ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ 12 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ለሽንት ቤት የተቀበረ ቀጭን ቱቦ ይህን አይችልም፤ ዝቅ ያለው ቤት ደግሞ የናንተ ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን ቀለም የበጠበጥክበት ባልዲ ውሃ ከጣሪያ በሚወርደው አሸንዳ ላይ ድፋና ፖዜቶውን ከፍተህ እይ። ቀለሙ እዚያ ከመጣ ነገሩ አለቀ፤ አሸንዳውን ማለያየት ነው። ግቢው ውሃ ሲያቁር የፖዜቶ ክዳን የሚከፍት "አስተዋይ" ጎረቤትም ይኖራል። እኛ ሰፈር አለ።

ጥያቄ፦ ቺኩንጉንያ ያመጣብን የቦዩ ፍሳሽ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ቦዩ ይጽዳ፣ አልቃወምም። ግን በ2011 ድሬን አልጋ ላይ የጣለው የቺኩንጉንያ ትንኝ ቆሻሻ ውሃ አይወድም። የሚፈለፈለው ንጹሕ ውሃ ላይ ነው፦ ክዳን የሌለው በርሜል፣ ያልተከደነ ሮቶ፣ ግቢ የተጣለ ጎማ። በየሳምንቱ በርሜሉን ደፍተህ ግድግዳውን ፈትገው፤ እንቁላሉ ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ ጉድጓድ እንዳይሞላ እርሾ ወይም የባትሪ አሲድ መጨመር ይጠቅማል?

መልስ፦ እርሾውን ለአምባሻ አድርጊው፤ እዚያ ውስጥ ባክቴሪያ ሞልቷል። አሲዱ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ ሲሚንቶውን ይበላል፣ አደገኛ ጋዝ ያስነሳል። ተዪው።

ጥያቄ፦ የደረቀ የሽንት ቤት ደለል ለማዳበሪያ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ግቢዬ ሎሚ፣ ዘይቱናና ሰላጣ አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ መቼ እንደደረቀ ጠይቀው። የወስፋት እንቁላል ቶሎ አይሞትም። እንደ እኛ ባለ ሞቃት አገር ደለሉ ደርቆ፣ አዲስ ሳይጨመርበት፣ ቢያንስ አንድ ዓመት መቀመጥ አለበት። እኔ አንድ ዓመት ተኩል እላለሁ። ከዚያ ለሎሚውና ለዘይቱናው ሥሩን ቆፍረህ ቅበረው፣ አፈር መልስበት፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ሰላጣው አጠገብ አታድርሰው። ሻጩ "ትናንት ነው የጫንኩት" ካለህ ደግሞ በሩን ዝጋበት።