ሲጓጓዝ ለተጎዳ መኪና ማን ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገሉ መኪኖች እሸጣለሁ። ከሌላ ስቴት በጨረታ የገዛሁት መኪና ባምፐሩ ተሰንጥቆ ደረሰ። አጓጓዡ «ፈርመህ ተረክበሃል» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመርህ ደረጃ ከፋዩ አጓጓዡ ነው። ካርማክ የሚባለው የ1906ቱ የፌዴራል ሕግ ቸልተኝነቱን አስረዱ አይልዎትም፤ መኪናው ደህና ሆኖ መጫኑን፣ ተጎድቶ መድረሱንና የጉዳቱን መጠን ማሳየት ይበቃል። ስንጥቁን በማስረከቢያው ሰነድ ላይ ሳይጽፉ መፈረምዎ መብትዎን አያጠፋም፤ ማስረጃዎን ግን ክፉኛ ያዳክማል። ስለዚህ የጨረታውን ፎቶ፣ ሲራገፍ የተነሳውንና የጋራዡን የዋጋ ግምት አያይዘው፣ የሚጠይቁትን ገንዘብ በቁጥር ጠቅሰው ለአጓጓዡ በጽሑፍ ያቅርቡ። ውሉ ለዚህ ከ9 ወር ያነሰ ጊዜ ሊወስንብዎ አይችልም። አጓጓዡ አቤቱታው እንደደረሰው በ30 ቀን ማሳወቅ፣ በ120 ቀን ደግሞ መክፈል፣ መከልከል ወይም የመስማሚያ ሐሳብ ማቅረብ አለበት። ውሉ ላይ የካሳ ጣሪያ መኖሩንም ይዩ። ወደፊት መኪና ሲረከቡ፣ ሹፌሩ ቢቸኩልም፣ የባምፐሩን ታችኛ ጠርዝ በባትሪ ሳያዩ አይፈርሙ።