የጠፋው ቁስ ተገኝቷል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ ሆነሽ «በ2020 የጠፋው ቁስ ተገኝቷል ይባላል፤ ታዲያ ስለ ጨለማ ቁስ እጩዎች፣ ማለትም ጨለማ ቁስ ሊሆኑ ይችላሉ ስለሚባሉ ቅንጣቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ብሠራ ዋጋ ይኖረዋል?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ ራሴን አየሁ፤ እኔም ደሴ ላይ በዚሁ ዜና ምክንያት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከስሬአለሁ።

አንደኛ፣ ጠፋ የሚባለው ነገር ሁለት ስለሆነ እንዳታደባልቂው። እ.ኤ.አ. በ2020 ተገኘ የተባለው ከአቶም የተሠራው ተራ ቁስ ነው፤ በጋላክሲዎች መካከል እጅግ ሳስቶ የተበተነ ጋዝ ሲሆን፣ ከሩቅ የሚመጣ የሬዲዮ ብልጭታ በውስጡ ሲያልፍ ረጅሙ ሞገድ ከአጭሩ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ከመዘግየቱ ተነሥተው መጠኑን አሰሉት። ተራው ቁስ ሁሉ ተደምሮ ግን ከአጽናፈ ዓለሙ ይዘት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ጨለማ ቁስ የምንለው፣ ብርሃን የማይሰጥና በስበቱ ብቻ የሚታወቀው፣ 27 በመቶ ገደማ የሚሆነው ዛሬም ምንነቱ አልታወቀም።

እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ፣ እጩዎቹ ሁሉ ከንቱ ሆነዋል ብዬ 40 ገጽ ጻፍሁና ፒያሳ አስጠርዤ አስረከብሁ። ፈታኙ ሦስተኛው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ዲዩተሪየምስ?» ብለው ብቻ መለሱልኝ። ማብራሪያ ልጠይቅ ቢሯቸው ብሄድ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ሂድና አንብብ» አሉኝ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። ነገሩ እኮ በሁለት ደቂቃ የሚነገር ነበር፤ ዲዩተሪየም፣ ማለትም ከባዱ የሃይድሮጅን ዓይነት፣ ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች የተሠራ ሲሆን፣ ተራው ቁስ በበዛ ቁጥር የሚተርፈው ዲዩተሪየም ያንሳል። ዛሬ የሚለካው መጠን ደግሞ ከዚያ 5 በመቶ የበለጠ ተራ ቁስ አይፈቅድም፤ ስለዚህ የቱንም ያህል የተሰወረ ጋዝና የደበዘዘ ኮከብ ቢገኝ የጨለማ ቁስን ቦታ አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ከእጩዎቹ አክሲዮን የሚባለውን እጅግ ቀላል ቅንጣት (የኩባንያ ድርሻውን አይደለም) ምረጪ። ዊምፕ የሚባሉትን ከባድ ቅንጣቶች በአሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ከምድር በታች 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በ7 ቶን ፈሳሽ ዜኖን ሲጠብቋቸው እስካሁን አልተገኙም። አክሲዮን ግን ለጨለማ ቁስ ተብሎ የታሰበ አይደለም፤ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ፔቼይና ኩዊን እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ጠንካራው የኑክሌር ኃይል ላነሡት ሌላ ጥያቄ ካቀረቡት መፍትሔ የተወለደ ነው፤ እኔን የማረከኝም ይኸው ነው። በሁለተኛው ዙር በእርሱ ላይ ሠርቼ፣ በዚያው ፈታኝ ፊት ቆሜ የዲዩተሪየሙን ስሌት ሰሌዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳይቼ አልፌአለሁ።

ቀይ ቀለም ያለበት ጥራዝ ቤቴ አለ፤ ደሴ ብቅ ስትዪ አውስሻለሁ፣ ሦስተኛውን ገጽ አስቀድመሽ ተመልከቺ።