ባዶ ፎቅ ላይ ፔንሲዮን ከመክፈታችሁ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አባታችሁ ትተውላችሁ የሄዱት ባለ ሁለት ፎቅ የገበያ ማዕከል ምድሩ ላይ ጨርቅ ሻጮች አሉበት፤ ላይ ያሉት 36 ሱቆች ግን ላሜራቸው ወርዶ አቧራ እየጠጡ ነው። ወንድሞችሽ ፔንሲዮን ይሁን ይላሉ፣ አንድ ነጋዴ ደግሞ ለመጋዘን ልከራየው ብሎ ቀብድ ይዞ መጥቷል። ለሁለቱም መልሴ አይሆንም ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ አቦ ታገሺኝ።

ፎቁ ለምን ባዶ ቀረ ብለሽ አትብሰልሰዪ። የድሬዳዋ ሰው ቀፊራ ወይ አሸዋ ገበያ ገብቶ፣ ጨርቁን ዳብሶ፣ ተከራክሮ ነው የሚገዛው። በዚህ ሙቀት ለአንድ ሸሚዝ ደረጃ የሚወጣ የለም፤ ኪራዩን በግማሽ ብትቀንሺም ያው ነው። ፎቅ የሚሆነው ሰው አስቦበት፣ ቀጠሮ ይዞ ለሚመጣበት ሥራ ነው።

1. መጋዘኑን እምቢ በይ። ለሱቅ የተሠራ ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር ከ400 እስከ 500 ኪሎ ጭነት ታስቦ ነው የሚሠራው። ለመጋዘን ቢያንስ 750 ይታሰባል። ነጋዴው “ልብስ ብቻ ነው” ይልሻል፤ ከሦስት ወር በኋላ ስኳርና ሩዝ ታገኛለሽ። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ግማሽ ካሬ ገደማ ይይዛል፤ አሥር ደርቦ ሲከምረው በካሬ 1,000 ኪሎ ሆነ። ሶሌታው በዚያው ቀን አይወድቅም። መጀመሪያ ከሥር ያለው ልስን ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ የታችኛው ሱቅ ላሜራ አልወርድ ይላል፤ ባለ ሱቁም ዘይት ቀብቶት ዝም ይላል። ያ ላሜራ ዝገት አልያዘውም፤ ላዩ ያለው ቢም (ሶሌታውን የተሸከመው አግዳሚ) ጎብጦ ነው። “እንግዲያው ቤዝመንቱን ስጪኝ” ካለሽ ደግሞ፣ ሕንፃው ደቻቱ ወንዝ አጠገብ መሆኑን አንቺው ጽፈሻል። የ1998ቱን ጎርፍ የሚያውቅ ሰው እዚያ ዕቃ አያስቀምጥም። ጄኔሬተሩና የመብራት ማከፋፈያው እዚያ ከሆኑም ወደ ላይ አውጫቸው።

2. ፔንሲዮኑ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚቀብረው እዚህ ነው፣ ሲያዩት ቀላል ስለሚመስል። ክፍል አለ፣ በር አለ፣ አልጋ ማስገባት ብቻ! ሽንት ቤቱስ? የገበያ ሕንፃ በየፎቁ መጸዳጃ ያለው አንድ ጥግ ላይ ነው፤ መውረጃ ቱቦውም በዚያው ጥግ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ፔንሲዮን ደግሞ በየክፍሉ ሻወርና ሽንት ቤት ይፈልጋል። የሽንት ቤት ቱቦ ባለ 110 ሚሊሜትር ነው፤ እንዳይደፈን በየሜትሩ 2 ሳንቲም ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ክፍሉ ከመውረጃው 12 ሜትር ከራቀ 24 ሳንቲም ነው፤ የቱቦው ውፍረትና ክርኑ ሲጨመርበት ከሶሌታው ሥር 40 ሳንቲም ገደማ ይበላል። ያ የሚቀነሰው ከጨርቅ ሻጮቹ ጣሪያ ላይ ነው። መንገዱ ላይ ቢም ካጋጠመው ጭራሽ አያልፍም፤ ቢም ልብሳ የሚል ሠራተኛ ካየሽ መሮውን ቀሚው።

“ታዲያ ወለሉን ከፍ አድርገን ቱቦውን እንቅበረው” የሚል ባለሙያ አይጠፋም። 20 ሳንቲም ኮንክሪት በካሬ 480 ኪሎ ይመዝናል። አልጋውም እንግዳውም ሳይገቡ የሶሌታው አቅም አለቀ ማለት ነው።

ሶሌታው ባለ ብሎኬት ከሆነ ጣጣው ይብሳል። ብሎኬቱን መብሳት ይቻላል፤ በብሎኬቶቹ መሃል ፌሮ የያዘው ጠባብ መስመር ግን አይነካም። ከላይ አይለይም። ከሥር በመዶሻ እጀታ መታ መታ ስታደርጊው ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ብሎኬቱ ነው፣ ደንደን የሚለው መስመሩ ነው። ይህን ሳያደርግ ድሪል የሚያነሳ የሳኒተሪ ሠራተኛ ብዙ ነው።

ከዚያ የፍሳሽ ጉድጓዱ አለ። ከ36ቱ ሱቆች 18 ክፍል ቢወጣ፣ በክፍል ሁለት ሰው፣ በሰው 100 ሊትር ብትይ በቀን 3,600 ሊትር ነው። ለሱቅ ሠራተኞች የተቆፈረ ጉድጓድ ይህን አይችልም፤ መሬቱ አልመጥ ካለ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ መጣጭ መኪና በሦስት ቀን አንዴ መጥራት ነው። ወንድሞችሽ ያሰሉት ትርፍ ውስጥ ይቺ መኪና የለችም።

አሁን ካለው መጸዳጃ ጎን ሁለት ሦስት ሻወር ልጨምር ካልሽ ግን ይቻላል። ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ውኃ መከላከያው ግድግዳው ላይ ቢያንስ 30 ሳንቲም፣ ሻወሩ በሚረጭበት በኩል ደግሞ እስከ 180 ሳንቲም ይውጣ። መውረጃውን ድፈኚና 5 ሳንቲም ውኃ ሙይበት፤ 48 ሰዓት ጠብቀሽ ከሥር ሄደሽ ጣሪያውን በእጅሽ ዳብሺ። ኮንትራክተሩ “አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ” ይላል። ከሥር አንድ ጣቃ ጨርቅ ሲበሰብስ አይኖርም።

3. ታዲያ ምን ይሁን? ልብስ ሰፊዎች። ሐረር ያለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግር፣ ለምን እንደሚሞላ አስቢው፤ ጨርቅ የገዛ ሰው ሰፊውን እዚያው አጠገብ ያገኛል። ያንቺ ጨርቅ ሻጮች ምድር ላይ ተቀምጠዋል፣ ደንበኛው ለልክ አንዴ፣ ለመውሰድ አንዴ ደረጃውን ይወጣል። ማሽን ቀላል ነው፣ ቱቦ አይፈልግም፣ 3 በ4 የሆነ ሱቅ ሦስት ማሽን ይይዛል። የእግሮቹ ሥር ጎማ አድርጊ፣ አለዚያ ንዝረቱ ታች ይሰማል።

ችግሩ ካውያ ነው። ሦስት ባለ 400 ዋት ማሽንና ሁለት ባለ 1,500 ዋት ካውያ አንድ ላይ ሲሠሩ 19 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ለአምፖልና ለአንድ ሶኬት ተብሎ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የተዘረጋለት ሱቅ ይህን አይችልም፤ ሽቦው ግሎ ልባሱ ግድግዳ ውስጥ ይበላሻል። ለካውያው ብቻ ባለ 2.5 ሽቦና የራሱ ብሬከር አውጪለት፣ ለእያንዳንዱ ሱቅም ቆጣሪ ለዪለት። በጋራ ቆጣሪ የተጀመረ ኪራይ በጠብ ነው የሚያልቀው።

ሙቀቱን ካልቀነስሽ ከቀትር በኋላ ማንም አይቀመጥበትም። ወደ ምዕራብ የሚያየውን መስታወት በመጋረጃ መሸፈን ብዙም አይረዳም፤ ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ገብቷላ። ጥላው ከውጭ ይሁን። መሃል ላይ ያለው የመስታወት ጣሪያ ደግሞ ምድጃ ነው፤ ጫፍ ጫፉን ከፍተሽ ዝናብ የማያስገባ የአየር መውጫ ሥሪለት። ከዚራ ሰፈር ያሉትን የድሮ ቤቶች እያየን አድገን ከአዲስ አበባ የመስታወት ሕንፃ መቅዳታችን ይገርመኛል። በውኃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ከገዛሽ የድሬ ውኃ ኖራ የበዛበት ነውና የገንዳውን ውኃ በየጊዜው ቀይሪው፤ አለዚያ ማጣሪያው በአንድ በጋ ድንጋይ ይሆናል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ሳትጠይቂ ግድግዳ አታፍርሺ። ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ፣ ውጭ ያለው ውክልና ይላክ። የጸደቀውን ፕላን ኮፒ ከነማኅተሙ ይዘሽ ሂጂ። መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ ሳያይሽ “ፋይሉ የለም” ቢልሽ የምታሳዪው እንዲኖርሽ ነው። ከሰጠሽው ሁሉ ላይ ቀን የተጻፈበት መቀበያ ሳትይዢ አትውጪ።

ሊፍቱን ለሰፊዎች ብለሽ አትጠግኚው። ለክሊኒክ ልከራይ የሚል ከመጣ ያኔ ይታያል፤ ለክሊኒክም ቢሆን ከመጸዳጃው ጥግ ካሉት ክፍሎች ሌላ አትስጪው፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ውኃና መውረጃ ይፈልጋል። ለማንኛውም የመጸዳጃውን ጓዳ ከነቱቦው፣ የታችኛውንም ሱቅ ጣሪያ ፎቶ አንሥተሽ ለጥፊልን። ከመውረጃው እስከ መጨረሻው ሱቅ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተሽ ጻፊበት።